ከተለመደው ቅርጽ የወጡ ጠፍጣፋ ፔዳሎች፦ ለተራራ ብስክሌት የሚበጀው የትኛው ነው?

(በደብረ ብርሃን ለብስክሌት ነጂዎች፣ ለጠጋኞችና ለብረታ ብረት ሙያ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤ በዚህ ብርድ ጥሪውን አክብራችሁ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ ፔዳል፣ ከፔዳልም ጫማን ስለማይቆልፈው ስለ ጠፍጣፋው ዓይነት ብቻ ነው።

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በብስክሌት የወረደ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ መቀመጫው ሥራ ይፈታል፤ ነጂው ተነሥቶ፣ ጉልበቱንና ክርኑን አላልቶ፣ ክብደቱን ከሞላ ጎደል በሁለት እግሮቹ ላይ ጥሎ ይወርዳል። ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሲገኝ ሸዋ ሮቢት ግን ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ትላለች፤ ይህን ሁሉ ቁልቁለት ሰውነታችንን የሚሸከመው ፔዳሉ ነው። አስፋልቱን ትተን ወደ እግር መንገዱና ወደ ጠጠሩ ስንገባ ደግሞ ፔዳሉ ከመሸከምም አልፎ እግራችንን ይዞ ማቆየት ይጠበቅበታል። ስለዚህ የፔዳል ቅርጽ ጉዳይ የጌጥ ወይም የፋሽን ጉዳይ ሳይሆን እንደ ፍሬን ሁሉ የደኅንነት ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ባለፉት ዓመታት ከተለመደው መልክ ፈጽሞ የወጡ ጠፍጣፋ ፔዳሎች ለገበያ ቀርበዋል፤ ከእግር ውስጠኛ ቅስት ጋር እንዲመጣጠን የረዘመ አለ፣ በመሐሉ የሚያልፍ ዘንግ የሌለው አለ፣ በማግኔት ጫማን የሚስብ አለ፣ እንደ ኮረብታ የጎበጠም እንደ ሳህን የጎደጎደም አለ። እነዚህን በተመለከተ የሚደረገው ክርክር ብዙውን ጊዜ በሁለት ጽንፎች ይካሄዳል፤ አንዱ ወገን አዲስ የሆነውን ሁሉ እንደ እድገት ይቀበላል፣ ሌላው ደግሞ ያልለመደውን ሁሉ እንደ ማታለያ ያየዋል። እኔ ሁለቱንም ትቼ እያንዳንዱን ንድፍ ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ፦ መንገዱ እግርን ከፔዳሉ ላይ ለማንሣት በሚታገልበት ቅጽበት ምን ይሠራል? ሲበላሽስ እዚህ እኛው ዘንድ ሊጠገን ይችላል?

በቅድሚያ በፔዳል ላይ ይህን ያህል ልዩ ልዩ ንድፍ ሊበዛ የቻለበትን ምክንያት ላስረዳ። ከብስክሌት ክፍሎች ብዙዎቹ ከአንዱ ሞዴል ወደ ሌላው መጠናቸው ስለሚለያይ አንዱ ለሌላው አይሆንም፤ ፔዳል ግን በአዋቂዎች ብስክሌት ላይ ከሞላ ጎደል በመላው ዓለም የሚገጠመው ወርዱ 9/16 ኢንች በሆነና በአንድ ኢንች ውስጥ 20 ጥርስ በያዘ ብሎን ነው። ከልጆች ብስክሌትና ከአንዳንድ አሮጌ ዓይነቶች በስተቀር ይህ መጠን አይለወጥም። በመሆኑም አንድ ፈጣሪ አዲስ ፔዳል ሲያስብ ከየትኛውም የብስክሌት ፋብሪካ ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ይህን ብሎን ካወጣ የፈለገውን ቅርጽ መሞከር ይችላል። በቶርኖ ላይ የምትሠሩ ተማሪዎች ይህን ነጥብ እንድትይዙልኝ እወዳለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። የግራው ፔዳል ጥርስ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ መዞሩን ግን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ ያንን ረስቶ ፔዳሉ የሚገጠምበትን የብስክሌቱን ክንድ ያበላሸ ሰው ብስክሌት በየሱቃችሁ አይታችኋል።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። ከሁሉ በፊት የሚነሣው ጥያቄ ጠፍጣፋ ፔዳል ራሱ ለምን ያስፈልጋል የሚለው ነው። ከበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ማሰሪያ ሐሳብ የተወለደው የሉክ ኩባንያ ቆላፊ ፔዳል፣ ፈረንሳዊው ነጂ በርናር ሂኖ በ1985 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይን ዙር (ቱር ደ ፍራንስን) በእርሱ ካሸነፈ በኋላ የመንገድ ውድድርን ተቆጣጠረ፤ ሺማኖ የተባለው ኩባንያ በ1990 እ.ኤ.አ. ለተራራ ብስክሌት የሚሆነውን አነስተኛ ቆላፊ ሲያወጣም ብዙዎች የጠፍጣፋው ዘመን ያከተመ መስሏቸው ነበር። ነገሩ እንደታሰበው አልሆነም። አውስትራሊያዊው ሳም ሂል በጠፍጣፋ ፔዳል የቁልቁለት የዓለም ሻምፒዮናን በ2006፣ በ2007 እና በ2010 እ.ኤ.አ. አሸነፈ፤ ከዚያም መውጣትም መውረድም ባለበት የኢንዱሮ የዓለም ተከታታይ ውድድር ከ2017 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ሦስት ዓመት በተከታታይ አጠቃላይ አሸናፊ ሆነ። የአንድ ሰው ድል ለሁሉም ሰው ማረጋገጫ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ነገር ግን «በጠፍጣፋ ፔዳል ከፍተኛ ውድድር ማሸነፍ አይቻልም» የሚለውን አባባል ለመሻር ይበቃል።

የቆላፊው ደጋፊዎች ሁልጊዜ የሚያነሡት እግርን ወደ ላይ የመሳብ ጥቅምን ነው። በዚህ ረገድ ቶማስ ኮርፍና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ሊታሰብበት ይገባል፤ ነጂዎቹ ሆን ብለው ፔዳሉን ወደ ላይ ሲስቡ የግፊቱ አቅጣጫ በመካኒክ ስሌት የተሻለ ሆኖ ቢገኝም፣ ሰውነታቸው ለተመሳሳይ ሥራ ያወጣው ጉልበት ግን ጨመረ። ይህ ማለት በረጅም አቀበት፣ ለምሳሌ ከሮቢት ወደ ደብረ ሲና በሚወጣው መንገድ ላይ፣ ወደ ታች በደንብ መግፋት ብቻ የሚያውቅ ሰው ያን ያህል የሚቀርበት ነገር የለም።

ከተለመደው ከወጡት ንድፎች ሁሉ እጅግ በቁም ነገር ሊታይ ይገባል የምለው ረጅሙ ፔዳል ነው። የተለመደው ጠፍጣፋ ፔዳል ርዝመቱም ወርዱም 10 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን፣ የእግር ጣቶች የሚጀምሩበት ወፍራም ሥጋ ከዘንጉ በላይ እንዲያርፍ ታስቦ የተሠራ ነው። አሜሪካዊው የሰውነት ማጎልመሻ አሠልጣኝ ጄምስ ዊልሰን ያወጣው «ካታሊስት» የተባለው ፔዳል ግን 128 ሚሊሜትር ርዝመት አለው፤ ሐሳቡም የእግር ቅስት የፊትና የኋላ ጫፍ ሁለቱም በፔዳሉ ላይ እንዲያርፉና እግር መሬት ላይ እንደቆመ ያህል እንዲረጋ ማድረግ ነው። ይህ ሐሳብ ዘንጉን ወደ እግሩ መካከል ያቀርበዋል፤ ብዙ የለመዱ ነጂዎችን የሚያስቆጣውም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ከልጅነት ጀምሮ «በጣትህ ሥር ግፋ» እየተባልን ነው ያደግነው።

በዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እየተምታቱ ስለሚነገሩ እነርሱን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ረጅሙ ፔዳል ጉልበት ይጨምራል የሚለው ነው። ይህን በበኩሌ አልቀበለውም። ቫን ሲክል እና ሃል በ2007 እ.ኤ.አ. በውድድር ነጂዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የእግር አቀማመጥ በፔዳሉ ላይ ወደ ፊትም ሆነ ወደ ኋላ ሲዛወር የኦክስጂን ፍጆታቸው አልተለወጠም። ልብ በሉ፤ ይህ ውጤት ሁለቱንም ወገን ነው የሚመታው። መካከለኛውን አቀማመጥ ተአምረኛ ያደረጉትን ያርማል፤ ያንኑ ያህል ደግሞ «በጣት ሥር ካልገፋህ ጉልበትህ ይባክናል» የሚሉትን ያርማል። ልማዱ ልማድ ነው እንጂ የተለካ ሕግ አልነበረም።

ሁለተኛው ስለ መርጋት የሚነገረው ነው፤ ይህንን ግን እደግፋለሁ። ነጂው ቆሞ ሲወርድ ዘንጉ ከቁርጭምጭሚቱ በራቀ ቁጥር ተረከዙ ወደ ታች እንዳይወድቅ የሚይዘው የባት ጡንቻ ነው፤ መንገዱ በነቀነቀ ቁጥርም ያ ጡንቻ ያንን ድብደባ ብቻውን ይውጣል። ዘንጉ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ሲቀርብ ግን የክብደቱ ክንድ ስለሚያጥር የባቱ ሸክም ይቀንሳል። ይህ ከትምህርት ቤት የምናውቀው የማንሻ ሕግ ነው፤ ማስታወቂያ አያስፈልገውም። በዳገቱ ሳይሆን በቁልቁለቱ ባቱ እየተንቀጠቀጠ፣ የእግሩ ሥር እየተቃጠለ የሚቆም ነጂ ካለ፣ ረጅሙ ፔዳል በእርግጥ የሚያግዘው ለእርሱ ነው።

ጉድለት ግን አለው። የረዘመ ፔዳል በድንጋያማ መንገድ ላይ ፊቱ ቶሎ ድንጋይ ያገኛል፤ የመንዝ የእግር መንገዶች ደግሞ ድንጋያቸው ከመሬት ብቅ ያለ ስለሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቁርጭምጭሚቱን አጥፎ ብስክሌቱን በእግሩ እየሳበ መዝለል የለመደ ነጂም እግሩ መካከል ላይ ሲያርፍ ያንን ቅልጥፍና በከፊል ያጣል። ከዚህ ሁሉ በላይ የምጨነቅበት ግን ስለ መጠኑ ነው፤ የቅስትን ርዝመት መሠረት ያደረገ ንድፍ ለሁሉም ሰው አንድ ርዝመት ማቅረቡ ከራሱ ሐሳብ ጋር ይጋጫል። ጫማ ቁጥሯ 37 የሆነ ወጣትና ጫማ ቁጥሩ 44 የሆነ ጎልማሳ ቅስታቸው እኩል አይደለም። ክራንክብራዘርስ የተባለው ኩባንያ «ስታምፕ» የተባለውን ፔዳሉን 43 ቁጥርን ድንበር አድርጎ በትንሽና በትልቅ መጠን መሥራቱ በዚህ ረገድ የሚደነቅ ነው፤ ፔዳሉ በሌላ ነገሩ የተለመደ ዓይነት ቢሆንም በዚህ አንድ ነገር ግን ከብዙዎቹ «አዲስ» ንድፎች ይልቅ ደፋር ነው እላለሁ።

ቀጥሎ የማነሣው ዘንግ የለሹን ነው። ፔዳል በሳሳ ቁጥር እግር ወደ ዘንጉ መሐል ስለሚቀርብ ፔዳሉ ከእግር ሥር የመገልበጥ ዝንባሌው ይቀንሳል፤ ከመሬት የሚርቅበት ክፍተትም ይሰፋል። ይህ እውነት ነው፤ በዚህም ምክንያት ላለፉት ዓመታት ፔዳሎች ሁሉ እየሳሱ ሄደዋል። ነገር ግን ዘንግና ኩሽኔታ በመሐሉ እስካለፉ ድረስ የመሳሳቱ ነገር ወሰን አለው። ታዮጋ የተባለው ኩባንያ «ኤምቲ ዜሮ» ባለው ፔዳሉ ይህን ወሰን ለመስበር ሲል ዘንጉን ከመሐል አወጣና ትልቅ ኩሽኔታ ከክንዱ አጠገብ ብቻ አደረገ፤ እግር የሚያርፍበት ክፍል በዚህ ዘዴ ከ1 ሴንቲሜትር በታች ሳሳ።

ሐሳቡ ውብ ነው፤ የሚያስከፍለውን ዋጋ ግን በቁጥር እንየው። በተለመደው ፔዳል ውስጥ ጭነቱ በሁለት ኩሽኔታዎች መካከል ስለሚወድቅ እያንዳንዱ የሚሸከመው ከጭነቱ በታች ነው። አሁን ለስሌት እንዲመቸን ሁለቱን ኩሽኔታዎች ወደ ክንዱ ጥግ ሰብስበን በመካከላቸው 20 ሚሊሜትር እንተው፤ እግር ደግሞ ከውጭኛው ኩሽኔታ 50 ሚሊሜትር ርቆ በ1,000 ኒውተን ይጫን። ውጭኛው ኩሽኔታ 3,500 ኒውተን ወደ ላይ መያዝ፣ ውስጠኛው ደግሞ 2,500 ኒውተን ወደ ታች መሳብ ይኖርበታል። ጭነቱ ያው ነው፤ ኩሽኔታው የሚሸከመው ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ፔዳል ኩሽኔታው ትልቅና ልዩ መሆን ግድ ይለዋል፤ ጥቂት እንደላላም የፔዳሉ ውጭኛ ጫፍ በእግር ሥር ሲወዛወዝ ይሰማል። ያ ልዩ ኩሽኔታ ሲያልቅ በየትኛው ሱቅ ይገኛል? ለጠጋኞቻችን ከተለመደው ፔዳል ውስጥ የሚወጣው ትንሽ ኩሽኔታ ሊተካ የሚችል ዕቃ ነው፤ ይህኛው ግን ከፋብሪካው ካልመጣ ሙሉው ፔዳል ይጣላል። ስለዚህ በንድፉ የተሰማኝን አድናቆት ሳልደብቅ፣ ለእኛ አገር ነጂ አልመክረውም።

ስለ ማግኔቱ ፔዳል የምለው ከአፈራችን የሚነሣ ነው። ማግፔድ የተባለው የኦስትሪያ ኩባንያ የሚሠራውን ዓይነት ብንወስድ፣ በፔዳሉ ውስጥ ኒዮዲሚየም ማግኔት፣ በጫማው ሥር ደግሞ የብረት ሰሌዳ አለ፤ እግርን ለማላቀቅ ወደ ጎን መጠምዘዝ ይበቃል። ለስላሳ መያዣና ፈጣን መለቀቂያ በአንድነት መገኘቱ፣ በተለይ ቆላፊውን ለሚፈራ ጀማሪ፣ ጥሩ መካከለኛ መንገድ ይመስላል። ሆኖም እኛ የምንነዳው በባዛልት ተራሮች ላይ ነው። የሰሜን ሸዋ ደጋ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በፈሰሰ ቅልጥ ዓለት የተገነባ ነው፤ ባዛልት ደግሞ ማግኔት የሚስበውን ማግኔታይት የተባለ የብረት ማዕድን በውስጡ ይይዛል። ከወራጅ ውኃ ዳር ጥቁር አሸዋ ዘግኖ ማግኔት ያስጠጋ ተማሪ ሁሉ የሚሆነውን አይቷል። በበጋ አቧራ በዚህ ፔዳል የሚነዳ ሰው ማግኔቱ በጥቁር ብናኝ ይለብሳል፤ ብናኙ በማግኔቱና በሰሌዳው መካከል ሲገባ ደግሞ የመሳብ ኃይሉ በፍጥነት ይወርዳል፤ ማግኔት ከክፍተት ጋር ጠላት ነውና። በክረምት ተጣባቂው መረሬ አፈር ከጫማው ሥር ሲለጠፍ ክፍተቱ ከዚያም ይብሳል። በተጨማሪም ሰሌዳው የተገጠመበት ጫማ በከተማችን ኮብልስቶን ላይ ያንሸራትታል። ንጹሕ ጥርጊያ መንገድ ላለው ሰው ሊስማማ ይችላል፤ ለእኛ ግን አይሆንም።

የጎበጠና የጎደጎደ ገጽ ክርክር ከእነዚህ ሁሉ የበለጠ ጩኸት የሚሰማበት ቢሆንም፣ ቁም ነገሩ ግን አጭር ነው። ካንፊልድ የተባለው ኩባንያ «ክራምፖን» የተባለውን ፔዳል በመሐሉ ወፈር ብሎ ወደ ጫፎቹ እንዲሳሳ አድርጎ ሲሠራ፣ ሌሎች ብዙዎች ደግሞ መሐሉ ዝቅ ያለ ገጽ ይመርጣሉ። የሚወስነው የጫማው ሥር ነው። የሚተጣጠፍ ሶል በጎባጣው ላይ ተጠምጥሞ ይይዛል፤ ደረቅ ሶል ግን በጎባጣው ጉልላት ላይ ብቻ ስለሚያርፍ ይወዛወዛል፤ በጎድጓዳው ላይ ግን ከፔዳሉ ገጽ ብቅ የሚሉት የፊትና የኋላ እሾሆች በደንብ ይነክሱታል። ጫማውን ሳይጠቅሱ ስለ ገጹ መከራከር ትርጉም የለውም።

ጫማን ካነሣሁ አይቀር፣ ትልቁ የመያዝ ልዩነት የሚመጣው ከፔዳሉ ቅርጽ ሳይሆን ከላስቲኩና ከእሾሁ መገናኘት ነው። ፋይቭ ቴን የተባለው ድርጅት ለዓለት ወጪዎች የሠራውን ተጣባቂ ላስቲክ ወደ ብስክሌት ጫማ ሲያመጣው የጠፍጣፋ ፔዳል ነጂዎች ኑሮ ተለወጠ። በእኛ ዘንድ ብዙ ሰው የሚነዳው በሸራ ጫማ ወይም በኮንጎ ጫማ ነው። የኮንጎ ጫማ ደረቅ ፕላስቲክ እሾሁ እንዲሰምጥበት አይፈቅድም፤ ስለዚህ በውድ ፔዳል ላይ እንኳ ይንሸራተታል። በዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ እምነት ላርም፤ እሾህ በበዛ ቁጥር መያዙ አይጨምርም። ክብደቱ በብዙ እሾህ ላይ ሲከፋፈል እያንዳንዱ ወደ ላስቲኩ የሚሰምጠው ያንሳል። በየገጹ ቁጥራቸው 10 አካባቢ የሆኑ፣ ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር የሚወጡ፣ ቀጭን እሾሆች ከብዙ አጫጭርና ደነዝ እሾሆች ይሻላሉ። ከጀርባ በኩል የሚገቡትን ምረጡ፤ ድንጋይ ጫፋቸውን ቢያጣምመውም የሚፈታው ራሳቸው በሌላው በኩል ደኅና ስለሚሆን በቀላሉ ይወጣሉ። ቅልጥምን እንደሚቀድዱ አውቃለሁ፤ ለጀማሪ ቅልጥም መሸፈኛ እንዲያደርግ ንገሩት እንጂ እሾሁን አታሳጥሩበት፤ ከፔዳል ተንሸራቶ መውደቅ ከቁስሉ ይከፋልና።

አሁን ለሙያ ተማሪዎቹ ወደ ገባሁት ቃል ልመለስ። የብሎኑ መጠን አንድ ስለሆነ እናንተም አዲስ ገጽ ልትሠሩ ትችላላችሁ፤ እንድትሠሩም እፈልጋለሁ። ነገር ግን ገጹንና ዘንጉን ለዩ። ዘንጉን ከተገኘ ብረት አትቅረጹ፤ የፔዳል ዘንግ በጠንካራ ቅይጥ ብረት ተሠርቶ በሙቀት የጠነከረ ነው፤ ሲሰበርም ሳያስጠነቅቅ፣ ነጂው ቆሞ እየወረደ ሳለ ነው የሚሰበረው። ለብስክሌት ደኅንነት የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 4210፣ ለፔዳልና ለኃይል ማስተላለፊያው አንድ ክፍል ሰጥቶ፣ ፔዳሉ ክብደት ተንጠልጥሎበት ለረጅም ጊዜ እንዲሽከረከር የሚያስገድደው ለዚህ ነው። ዘንጉንና ኩሽኔታውን ከደኅና አሮጌ ፔዳል አውጥታችሁ ተጠቀሙበት። ገጹን ደግሞ ከቁርጥራጭ አሉሚኒየም በማቅለጥ አትሥሩት፤ ልዩ ልዩ ቅይጥ ተደባልቆ፣ አየር ተቋጥሮበት ስለሚወጣ በድብደባ ይሰነጠቃል። ከአንድ ወጥ የአሉሚኒየም ሰሌዳ መቁረጥ ይሻላል። ወርዱን ስትጨምሩ ደግሞ የማዘንበያውን ልክ አትርሱ፤ የአሜሪካ የደኅንነት ደንብ ፔዳሉ ከታች ሆኖ ብስክሌቱ ቢያንስ 25 ዲግሪ እስኪያዘነብል ድረስ መሬት እንዳይነካ ይደነግጋል፤ ይህንን በግድግዳ አጠገብ በማዕዘን መለኪያ ማረጋገጥ ትችላላችሁ።

ረጅሙን ሐሳብ ለመፈተን አዲስ ፔዳል መግዛት አያስፈልግም። 128 ሚሊሜትር የሆነ ሰሌዳ በአሮጌ የብረት ፔዳል በአንዱ ገጽ ላይ በደንብ ታስሮ፣ በሜዳ ላይ ብቻ፣ ተቀምጦም ቆሞም መንዳት ይቻላል። እግሩ የት እንደሚያርፍ ለማወቅ በእሾሆቹ ጫፍ ላይ ጠመኔ ቀቡ፤ ምልክቱ በጫማው ሥር ይቀራል። ከዚያ በኋላ እውነተኛውን ንጽጽር በእውነተኛ ፔዳል፣ በአንድ ብስክሌት፣ በአንድ ጫማ፣ በአንድ የጎማ አየር፣ በአንድ መንገድ አድርጉት፤ ጫማቸው ትንሽና ትልቅ የሆኑ ነጂዎችም ይኑሩበት። ባታቸው ስንት ጊዜ እንዲያርፉ እንዳስገደዳቸው፣ እግራቸው ስንት ጊዜ እንደተነሣ፣ በፔዳሉ ጫፍ ላይ ስንት አዲስ የድንጋይ ጭረት እንደተገኘ ይጻፍ። በበጋ ብቻ አትፍረዱ፤ ሐምሌ ላይ ጫማው ጭቃ ለብሶ ሳለ የተገኘው ውጤት ለእኛ ከበጋው ይበልጥ ይጠቅመናል።

እንግዲህ ፔዳል ይዛችሁ የመጣችሁ አላችሁ፤ መለኪያና ባለ 15 ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አለ። ርዝመታቸውን፣ ውፍረታቸውንና የእሾሃቸውን ቁመት አሁኑኑ እንለካ፤ ጥያቄዎቻችሁንም በዚያው ላይ ቆመን እንነጋገርባቸው።